ቤዛን ያላሞገስንበት እሑድ

ጅማ ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ መሆኑ ቀርቶ የአሜሪካ ማብራሪያ ቢሮ ሆኗል። እስክሪብቶ ሊገዛ የገባ ሁሉ ክርኑን ባንኮኒው ላይ አስደግፎ "እሺ እትዬ አስቴር፣ ሎስ አንጀለስ እንዴት ናት?" ይለኛል። ባሕሩን አየሽ ወይ፣ የፊልም ሰዎቹን አየሽ ወይ ይሉኛል። አላየሁም። ያየሁት ብዙ አስፋልት፣ አንድ አጭር መንገድ ላይ የተሰበሰበ የአገሬ ሰው፣ እና ሁለት የኳስ ሜዳ ነው። ሃያ ጊዜ ከማወራው አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት፤ ብዕር እንደሆነ ሱቁ ሙሉ አለልኝ።

የሄድኩት ታናሽ እህቴን ጽጌን ልጠይቅ ነበር። ጽጌ ፌርፋክስ በሚባለው ጎዳና ላይ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። ባሏ ደረጀ ታክሲ ይነዳል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ቤዛ ትባላለች፣ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ኳስ ትጫወታለች። ቪዛውን ያገኘሁ ዕለት ጽጌ በስልክ "እትዬ፣ በጥሩ ጊዜ ነው የምትመጪው፤ ቤዛ ፈተና አለባት፣ ትጸልዪላታለሽ" አለችኝ። እኔ የሒሳብ ፈተና መስሎኝ ስለቴን ለሒሳብ ተሳልኩ።

ከጅማ የወጣሁት በሐምሌ ዝናብ ነው። መናኸሪያው ጭቃ ብቻ ነበር፤ ለአሜሪካ ብዬ የገዛሁት ጫማ አውቶቡሱ ውስጥ ሳይገባ አረጀ። ጊቤን ስንወርድ ጉሙ ሸፍኖት ምንም አልታየኝም። አዲስ አበባ አድሬ አውሮፕላን ላይ ወጣሁ። ስለ አውሮፕላኑ የምለው ብዙ የለኝም፤ ከጅማ አውቶቡስ የሚለየው ዶሮ ይዞ የሚገባ ሰው ስለሌለና ረዳቱ ስለማይጮህ ነው። ጉልበቴን ግን ሁለቱም እኩል አሳመሙኝ።

ማክሰኞ ሎስ አንጀለስ ደረስኩ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ከፍቶ ለቤዛ የያዝኩትን በሶ አገኘ። "ምንድን ነው?" አለኝ። በእንግሊዝኛ በሶ ምን እንደሚባል አስተማሪዎቼ ሳይነግሩኝ ነው ትምህርት የጨረስኩት። "ምግብ ነው፤ ለጉልበት" አልኩት። ይበልጥ ተጠራጠረ። ሲቸግረኝ አንድ እፍኝ ዘግኜ እዚያው ፊቱ ቃም አደረግሁ። በሶ በደረቁ የቃመ ያውቀዋል፤ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ እንባዬ ወረደ፣ መርዝ የበላሁ መሰልኩ። ሰውየው ሮጦ ውሃ አመጣልኝ፣ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፣ ከዚያ በሶውን መልሶ አስገብቶ ሻንጣዬን ራሱ ዘጋልኝና አሳለፈኝ። እግዜር ይስጠው፣ ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ውጭ ደረጀና ቤዛ ይጠብቁኝ ነበር። ቤዛ ከእኔ በአንድ ራስ ትበልጣለች። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "አክስቴ! እንዴት ነሽ? ደከመሽ?" አለችኝ። ነሽ! ጅማ ቢሆን የሠፈሩ ሕፃናት ሁሉ አፋቸውን ይይዙ ነበር። ደረጀ አፍሮ "ቤዛ፣ እርስዎ በያቸው እንጂ!" ብሎ ተቆጣት።

"ሶሪ አባዬ። ኦኬ፤ አክስቴ፣ እንዴት ነሽ እርስዎ?"

ሳቄ አመለጠኝ። እንደፈለግሽ ጥሪኝ አልኳት፤ እስክመለስ ድረስ አንቺ እንዳለችኝ ቀረ።

ቤታቸው ዌስት አዳምስ ነው። አሮጌ የእንጨት ቤት ለአራት ቤተሰብ ተከፋፍሎ እነሱ ከታች በኩል ይኖራሉ። አሜሪካ ድረስ መጥቼ እንጨት ቤት ማደሬ ገርሞኛል፤ እኛ ጅማ ብሎኬት ካልሆነ ቤት አንለውም። ቤዛ አልጋዋን ለቅቃልኝ ሶፋ ላይ ተኛች። ጽጌ ከሥራ ስትመለስ ተቃቅፈን ስናለቅስ ወጡ አረረ፤ ያንኑ ያረረ ወጥ በላን፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ ራት የለም።

ረቡዕ ደረጀ ፌርፋክስ አደረሰኝ። ከጽጌ ወሬ የተነሣ በሐሳቤ የሠራሁት ትልቅ የሐበሻ ከተማ ነበር። መንገዱን ልየው ብዬ ከአንደኛው ጫፍ መሄድ ጀመርኩ፤ የአማርኛ ጽሑፍ እያነበብኩ፣ በርበሬውን እያሸተትኩ፣ ሰላም እየተባልኩ ትንሽ እንደሄድኩ አለቀ። ከሱቄ እስከ ሂርማታ ገበያ ካለው መንገድ ያንሳል። "ይኸው ነው?" አልኩት ደረጀን። "ይኸው ነው፤ ግን ከተማው ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ይመጣል" አለኝ።

የጽጌ ምግብ ቤት ባለቤት ጋሼ መኮንን ናቸው፤ ሸበቶ፣ ቁመታቸው አጠር ያለ፣ ሁሉ ነገር ውስጥ የሚገቡ ሰው። ምሳዬን ብዪ ብዪ ብለው አንገቴ ድረስ አበሉኝና ሒሳብ ስጠይቅ ተቆጡ። የቤዛ ፈተና ምን እንደሆነ ያስረዱኝም እሳቸው ናቸው።

"ሒሳብ አይደለም የኔ እመቤት። ኮሌጅ ገብታ ለኮሌጁ ቡድን መጫወት ነው የምትፈልገው። ችግሩ እዚህ አገር አሠልጣኞቹ ልጅ የሚመርጡት ውድ ውድ ከሆኑት ክለቦች ነው። ክለቡ በወር የሚጠይቀው የቤት ኪራይ ያህላል፤ በዚያ ላይ ፕሌን፣ ሆቴል። ቤዛ ትንሽ ሳለች አንዱ ክለብ ፈልጓት ነበር፤ እነ ደረጀ ከየት ያምጡ?"

"ታዲያ የት ነው የምትጫወተው?"

"በትምህርት ቤቷ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከኛ ሹፌሮች ጋር። ሶ፣ ማን ያያታል? አሁን አንድ ትንሽ ኮሌጅ ለማንም ክፍት የሆነ የአንድ ቀን የኳስ ልምምድ ካምፕ አዘጋጅቷል። ቤዛ ራሷ ኢሜይል ጽፋ ሬጂስተር አደረገች። የኮሌጁ ቡድን አሠልጣኝ እዚያ ካየቻት አየቻት፤ ካላየቻት ሌላ የሚያያት የለም።"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ስለቴን ወዲያው ከሒሳብ ወደ ኳስ አዛወርኩት።

ቅዳሜ ጠዋት መናፈሻው ሄድን። ሣሩ ብጫ ነው፤ እኛ ዘንድ በሐምሌ ሜዳ ላይ ዳክዬ ይዋኛል፣ እነሱ ዘንድ አቧራ ይነሣል። ሹፌሮቹ ቦርጫቸውን እየገፉ መጡ። ደረጀ በረኛ ነው፤ በረኛ የሆነው መሮጥ ስለማይወድ እንደሆነ ቤዛ ነገረችኝ። በዚያ ሁሉ ጎልማሳ መሀል አንዲት ቀጭን ልጅ "አምበል!" እየተባለች ትጠራለች። ኳስ አይገባኝም፤ ግን አንድ ግዙፍ ሰው ገፍቶ ሲጥላት አየሁና ጃንጥላዬን ይዤ ልገባ ስነሣ፣ እሷ ከመሬት ተነሥታ ኳሱን ነጥቃው ሄዳለች። ሰውየው ራሱ አጨበጨበላት።

ጽጌ አልመጣችም። ቅዳሜ ሥራ ናት፤ ደግሞም "እኔ ኳስ አይገባኝም እትዬ፤ እነሱ ይዋጣላቸው" ነው የምትለው። ለእናት ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ንግግር መስሎ ታይቶኝ ነበር።

እሑድ ግን ፈቃድ አግኝታ አብራን ሄደች። በደረጀ ታክሲ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ኮሌጁ ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራ ሥር ነው፤ ሜዳው እንደ ምንጣፍ አረንጓዴ። መንገዱ ባዶ ሆኖ በጣም ቀድመን ስለደረስን በሩ ተዘግቶ ነበርና መኪና ማቆሚያው ላይ በሶ በማር አሸሁ፣ ጭብጦ ጭብጦ አደረግሁት። ቤዛ ሁለት በላች፤ የቀረውን በፌስታል ይዛ ገባች።

ሌሎቹ ልጆች ሲመጡ ልቤ ወደቀ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቦርሳ፣ የክለባቸው ስም የተጻፈበት ጃኬት። ወላጆቹ የሚታጠፍ ወንበር ይዘው፣ ካሜራ በሦስት እግር አቁመው፣ ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ ይጮኻሉ። ቤዛ የለበሰችው የሹፌሮቹን ማሊያ ነው፤ ደረቱ ላይ በአማርኛ "ፌርፋክስ" ይላል። እኛ ሦስታችን አንድ ጃንጥላ ሥር ቤተ ክርስቲያን እንዳለ ሰው ዝም ብለን ቆምን። በዕረፍት ሰዓት ቤዛ ፌስታሉን ፈትታ ጭብጦውን ለልጆቹ ስታዞር አየኋት። አንዷ እንዳትሞት ብዬ ፈራሁ፤ ሁሉም ደግመው ጠየቁ።

ሊያልቅ ሲል አሠልጣኟ ወደ ወላጆቹ መጣች። ረጅም፣ ፀሐይ ያቃጠላት፣ ፈገግታ የማታበዛ ሴት ናት። አጠገባችን የነበረውን አባት ስታናግረው ሰውየው እጁን እያወናጨፈ ስለ ልጁ ብዙ አወራ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች። "ስለ ቤዛ ንገሩኝ" አለች።

ደረጀ መሬት መሬት አየ። ጽጌ "ኧረ ገና ናት" በሚል ዓይነት እጇን አወዛወዘች። ዝምታው ሲበዛ እኔ የታላቅነቴን ተናገርኩ፤ ለእንግሊዝኛዬም ኮርቼ። "ጎበዝ አይደለችም። ትሞክራለች። ገና ብዙ ይቀራታል" አልኳት። ጽጌ በደስታ ራሷን ነቀነቀች። ደረጀ ደግሞ ጨዋታውን ለማሳመር "ያቺ በረኛዋ ግን ጎበዝ ናት" ብሎ የሰው ልጅ አሞገሰ። አሠልጣኟ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን፣ አመሰገነችንና ሄደች። እኛ በሥርዓት የተናገርን መስሎን ደስ ብሎን ነበር። የራስን ልጅ በሰው ፊት ማን ያሞግሳል? ነውር ነው፤ በዚያ ላይ ዓይን አለ።

ስንመለስ ቤዛ ከኋላ ተቀምጣ "ኮችዋ ምን አለቻችሁ?" ብላ ጠየቀች። ያልኩትን ቃል በቃል ነገርኳት። መስታወት ላይ ሳያት እንባዋ ይወርዳል።

"ጎበዝ አይደለችም አልሻት?"

"እናቴ፣ ወግ ነው እኮ—"

"እዚህ እኮ ወግ የለም አክስቴ! ፓረንቶቹ ሁሉ ልጄ ቤስት ናት ነው የሚሉት! ክለብ የለኝም፣ ቪዲዮ የለኝም፤ ያለኝ እናንተ ብቻ ናችሁ፣ እናንተ ደግሞ..." አልጨረሰችውም። ወደ እናቷ ዞረች። "እማዬ፣ አንቺም እንደዚያ ነው የምታስቢው?"

ጽጌ አፏን ከፍታ ሳትመልስ ጎማችን ፈነዳ። ደረጀ መኪናውን እያንገዳገደ መንገዱ ዳር አወጣን። መኪኖቹ እንደ ጎርፍ በአጠገባችን ይጮኻሉ፤ እኔ ጃንጥላ ዘርግቼ ቆሜያለሁ፤ ቤዛ እያለቀሰች ለአባቷ የጎማ መፍቻ ታቀብላለች። አንድ የማያውቀን ሜክሲኳዊ ፒክአፑን አቁሞ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ ጎማውን አብሮ ቀየረና ለቤዛ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጥቷት ሄደ። በጎማው የተጣላን መስሎት ይሆናል። ያን ቀን በራሴ ተናደድኩ፤ ልጅቷ ለዓመታት የለፋችበትን በሦስት ዓረፍተ ነገር አፈረስኩባት።

ሰኞ ቤዛ ለአሠልጣኟ የምስጋና ኢሜይል ጻፈች። ማክሰኞ መልስ መጣ፤ ረቡዕ ከሰዓት ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ማውራት እፈልጋለሁ የሚል። ለመልካም ይሁን ለመጥፎ አይናገርም። ጋሼ መኮንን ጉዳዩን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ።

"እዚህ አገር ልጅህን ካላሞገስክ የሆነ ጥፋት አለባት ነው የሚሉት! ደረጀ፣ በል፦ ልጄ ምርጥ ናት!"

ደረጀ "ልጄ... ደህና ናት" አለ።

"ምርጥ!"

"በጣም ደህና ናት።"

ጋሼ መኮንን ተስፋ ቆርጠው ወደ ጽጌ ዞሩ። ምርጥ፣ ታታሪ፣ መሪ የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ሲያስጠኗት ዋሉ። ሽንኩርት እየከተፈች ትደግማለች፤ ትረሳለች፤ እንደገና ትደግማለች። እኔ እንዳልናገር ተከለከልኩ፤ ልክ ነበሩ።

ረቡዕ ጽጌ ሥራ ጥላ መውጣት ስለማትችል ስልኩን የጠበቅነው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ጋሼ መኮንን የጭስ ማውጫውን ማራገቢያ አጠፉ፣ አስተናጋጆቹን ዝም አሰኙ። ስልኩን የሽንኩርት ጆንያ ላይ አስቀመጥነው። ሲጮህ ሁላችንም ዘለልን። ቤዛ ስፒከር ላይ አደረገችው።

አሠልጣኟ ሰላም ካለች በኋላ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባች። "እሑድ ስለ ልጃችሁ ስጠይቅ ጎበዝ ናት ያለኝ አልነበረም። እንደዚህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው።"

ጋሼ መኮንን ለጽጌ በእጃቸው ምልክት ሰጧት። ጽጌ "ልጄ ምርጥ..." ብላ በእንግሊዝኛ ጀመረችና ጠፋባት። ፊቷ ቀላ። ከዚያ ሽርጧን አወለቀችና በአማርኛ "ቤዛ፣ እኔ እናገራለሁ፣ አንቺ ተርጉሚላት" አለች። የሐኪም ቤቱን፣ የኪራዩን ነገር ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታስተረጉማት ያችው ልጅ ናት፤ ለሷ አዲስ ነገር አልነበረም።

"እኛ የራሳችንን ልጅ ፊቷ ላይ አናሞግስም በያት። ዓይን እንዳይበላት ነው፤ እንዳትታበይም ነው። የማናይ መስሏት እንዳይሆን።"

ቤዛ ተረጎመች።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሥራ ስሄድ አውቶቡስ የምጠብቀው መናፈሻው ማዶ ነው። አንዱ አውቶቡስ ይለፈኝ እላለሁ፤ አጥሩን ይዤ አያታለሁ። ወድቃ ስትነሣ ዳኛውን አታይም፤ ኳሱን ነው የምታየው።"

ቤዛ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ቀስ ብላ ተረጎመች።

"ክለቡን ስንከለክላት ትንሽ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን አላነሣችብንም። በማግስቱ ኳሷን ይዛ ሹፌሮቹ ጋ ሄደች። እኔ ግን ሳልረሳው እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ከሷ የሚበልጥ ልጅ አይቼ አላውቅም በያት።"

ቤዛ አልተረጎመችም። እንባዋን በእጇ ጠረገች።

"ተርጉሚ እንጂ!" አለች ጽጌ፣ እሷም እያለቀሰች።

"አልችልም እማዬ።"

አሠልጣኟ ስልኩ ውስጥ "መተርጎም አያስፈልግም፤ ገብቶኛል" አለች። ድምፅዋ እንደ እሑዱ አልነበረም። ሜዳ ላይ ያየችው በቂ እንደነበር፣ ቤተሰብ የምትጠይቀው ከማን ጋር አራት ዓመት እንደምታሳልፍ ለማወቅ እንደሆነ ነገረችን። ለኳስ ብለው ገንዘብ አይሰጡም፤ ለትምህርቷ ግን የቤተሰቡን አቅም አይተው ይረዳሉ። ውጤቷ ጥሩ ስለሆነ ታመልክት፣ ስሟን ይዤ እኔው ቢሮ ለቢሮ እሄድላታለሁ፣ ቡድኔ ውስጥ ቦታ አላት አለች። ከዚያ "ያ ክብ ነገር ምንድን ነው? ልጆቹ ስለሱ ይጠይቁኛል" አለች። "በሶ!" ብዬ ጮህኩ፤ ክልከላው የተነሣ መስሎኝ።

ስልኩ ሲዘጋ ጋሼ መኮንን ማራገቢያውን መልሰው አበሩና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆዩ። ደረጀ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። እናትና ልጅ እንደተቃቀፉ ነበሩ። እኔ ከእሑድ ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ወርዶልኝ፣ አገሬ ሳለሁ እንደማደርገው ሦስቴ እልል አልኩ፤ አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ተመጋቢዎች ሠርግ መስሏቸው አጨበጨቡ። ያን ቀን ማንም ሒሳብ አልከፈለም።

የቀሩት ቀናት ቀላል ነበሩ። ዌስትውድ ወስደው ትልቁን ዩኒቨርሲቲ አሳዩኝ፤ የኛዋ ትንሽ ኮሌጅ ትበልጥብኛለች ብዬ አስቄያቸዋለሁ። ቅዳሜ ጽጌ ከአጥሩ ወዲያ መሆኗ ቀርቶ ሜዳው ዳር አጠገቤ ቆማ አየች። ሁለት አውቶቡስ አለፋት።

እሑድ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሻንጣዬን የመዘነችው ልጅ ሐበሻ ሆና ተገኘች። ፓስፖርቴን አይታ ደስ አላት፤ ቤዛንም "አክስትሽ ናቸው? እንዴት ነበሩ፣ አሜሪካን ለመዱት?" ብላ ጠየቀቻት።

ቤዛ ክንዴን በክንዷ ያዘች። ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች፣ ልክ እንደ አባቷ፦

"ትሞክራለች። ገና ብዙ ይቀራታል።"

በዕድሜዬ እንደዚያ ተሞግሼ አላውቅም።